ለፓኪስታን ክርስቲያኖች ስንጸልይ ምን ብለን እንጸልይ?

በጸሎት ፕሮግራም ላይ ሁሌ የምንሰማት ልመና አለች። «በእስያ ስለ ስምህ የሚሰደዱትን አስብ።» ሁላችንም አሜን እንላለን፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው የጸሎት ርዕስ እናልፋለን። ልመናዋ ምንም ክፋት የላትም። ግን እስያ ሰፊ ናት፤ ስደቱም አንድ ዓይነት አይደለም።

በሰሜን ኮሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መገኘት ለእስር ካምፕ ይዳርጋል። በቻይና ቤተ ክርስቲያን መሄድ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ጣጣው የሚመጣው መንግሥት ከሚቆጣጠራቸው ማኅበራት ውጭ ስትሰበሰብ ነው። በቼንግዱ ከተማ የኧርሊ ሬይን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ዋንግ ዪ በ2019 መጨረሻ 9 ዓመት ተፈርዶበታል። በሕንድ ደግሞ በርካታ ክፍለ ግዛቶች «በግድ ወይም በማታለል ሃይማኖት ማስቀየርን» የሚቀጣ ሕግ አላቸው። ሳሎን ውስጥ ለጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎችም በዚሁ ሕግ ይከሰሳሉ።

እኔ አንዱን አገር በደንብ ማወቅ አሥሩን በጅምላ ከማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ስለ ፓኪስታን ብቻ ነው። ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነማን ናቸው?

ፓኪስታን ከ240 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ከዚህ ውስጥ ክርስቲያኑ ከ3 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በፑንጃብ ነው፤ በላሆር፣ በፋይሰላባድ፣ በሲያልኮትና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች። ከውጭ የመጡ ሰዎች አይደሉም። በ1873 ዲት የሚባል አንድ እግሩ የሚያነክስ ቆዳ ነጋዴ ሲያልኮት አካባቢ ተጠመቀ። ሚሲዮናውያኑ ጋ ልቅር አላለም፤ ወደ መንደሩ ተመልሶ ለዘመዶቹ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የእሱ ወገን የሆኑ የፑንጃብ ገጠሬዎች በመንደር በመንደር ተጠመቁ።

የእሱ ወገን የሆኑት እነማን ነበሩ? በዘር ደረጃው ከሁሉም በታች የተቀመጡ፣ ጥራጊና የሞተ ከብት ማንሳት የተተወላቸው ሰዎች ናቸው። እምነታቸው ተቀየረ፤ ሰው እነሱን የሚያይበት ዓይን ግን አልተቀየረም። ዛሬም በፓኪስታን ከተሞች መንገድ ከሚጠርገው፣ የተደፈነ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ከሚወርደው ሰው ብዙው ክርስቲያን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጽዳት ሥራ «ሙስሊም ያልሆኑ ብቻ ያመልክቱ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። እኛ አገር ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት እንዴት እንደታየ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ዕቃውን ትገዛዋለህ፣ በቤትህ ትገለገልበታለህ፣ ከሰውየው ጋር ግን ማዕድ አትቆርስም። የፓኪስታኑን ስደት «የሃይማኖት ጉዳይ» ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ግማሹን ይስታል። ሌላው ግማሽ ንቀትና ድህነት ነው።

ነገሩ ሁሌም እንዲህ የከፋ አልነበረም። የአገሪቱ መሥራች መሐመድ አሊ ጂናህ ነሐሴ 11 ቀን 1947 ባደረገው ንግግር የማንም ሰው ሃይማኖት የመንግሥት ጉዳይ እንዳልሆነ ተናግሯል። አልቪን ሮበርት ኮርኔሊየስ የሚባል ክርስቲያን በ1960ዎቹ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበር። አሁን ላለው ሁኔታ ያበቃቸው ከዚያ በኋላ የመጣ ሕግ ነው።

ሕጉ እንዴት ነው የሚሠራው?

የወንጀል ሕጉን መሠረት የጣሉት እንግሊዞች ናቸው፤ በ1860። ያኔ ዓላማው የየትኛውም ሃይማኖት የአምልኮ ቦታ እንዳይደፈር ነበር። የተለወጠው በጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን ነው። በ1982 ቁርዓንን ማርከስ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሆነ። በ1986 ደግሞ 295-ሲ የሚባለው አንቀጽ ገባ። ነቢዩ መሐመድን ያንቋሸሸ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ይፈረድበታል ይላል። በ1990 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ የሚለው አማራጭ ይውጣ አለ። ሞት ብቻ ቀረ።

እስካሁን መንግሥት በዚህ አንቀጽ በስቅላት የቀጣው ሰው የለም። «ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ከስቅላቱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሌላ ጠብ ነው። በድንበር፣ በብድር፣ በሥራ ቅናት፣ በልጆች ጸብ። አንዱ ተነስቶ «ሰደበ» ወይም «የቁርዓን ገጽ ቀደደ» ይላል። ወሬው በስልክ፣ አንዳንዴም በመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሕዝብ ይሰበሰባል። ፖሊስ ሰዉን ለማብረድ ሲል ተከሳሹን ያስረዋል። ዘመዶቹ በዚያው ሌሊት ልጆቻቸውን ይዘው ከሰፈር ይወጣሉ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ ሌላ መከራ አለ። ተባለ የተባለውን ቃል ደግሞ መናገር በራሱ ሊያስከስስ ስለሚችል ማንም በግልጽ አይመረምረውም።

የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛም ሰው ነው፤ ይፈራል። የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው አሪፍ ኢቅባል ባቲ በ1997 ቢሮው ውስጥ ተገድሏል። ጥፋቱ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ገና ልጅ የሆነ ሁለት ክርስቲያኖችን ነጻ ማለቱ ነበር። ስለዚህ ብዙ ዳኛ ይፈርድና «ይግባኝ ይበሉ» ብሎ ነገሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይግባኙ ዓመታት ይፈጃል። ሰውየው ያንን ሁሉ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ለብቻው ተነጥሎ፣ እስር ቤት ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በዚህ ሕግ ከተከሰሱት የሚበዙት ክርስቲያኖች አይደሉም። ሙስሊሞችና አሕመዲያዎች (ራሳቸውን ሙስሊም የሚሉ፣ የአገሪቱ ሕግ ግን ሙስሊም አይደሉም የሚላቸው) ይበዛሉ። ክርስቲያኑ ከቁጥሩ በላይ ይመታል እንጂ ብቻውን አይደለም።

አንድ ኩባያ ውሃ

አሲያ ቢቢን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋታላችሁ። ታሪኩን ከነዝርዝሩ ማየት ግን ጥሩ ነው፤ ሕጉ ከነሥራው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሰኔ 2009 ነው። ቦታው በሼኩፑራ አውራጃ ያለ ኢታን ዋሊ የሚባል መንደር። አሲያ ከሌሎች ሴቶች ጋር የቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ ፋልሳ የሚባል ትንሽ ፍሬ ይለቅማሉ። ሙቀቱ ሰው ይጥላል። ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ለሌሎቹም አቀረበች። ሁለት ሴቶች ክርስቲያን ከነካችው አንጠጣም አሉ። ቃል ተመላለሱ። ቀናት ቆይቶ የመንደሩ ሃይማኖት አስተማሪ ነቢዩን ሰድባለች ብሎ ከሰሳት። እሱ በጠቡ ጊዜ እዚያ አልነበረም።

በኅዳር 2010 ሞት ተፈረደባት። በ2014 ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸናው። ጥቅምት 31 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ናት አለ። ዳኞቹ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ እንደተጋጨ አስተዋሉ። ተናዘዘች የተባለበት ስብሰባ ላይ ስንት ሰው ነበር ሲባሉ አንዱ 100 ሲል ሌላው ከ2,000 በላይ ይላል። ይሄን ለማየት 9 ዓመት ፈጀ። ፍርዱ ሲሰማ በየከተማው መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። ነጻ የተባለችውም ሴት አገሯ ላይ መኖር ስለማትችል በግንቦት 2019 ወደ ካናዳ ሄደች።

በመካከል የተከፈለውን ዋጋ ደግሞ እዩ። የፑንጃብ ገዥ የነበረው ሳልማን ታሲር እስር ቤት ድረስ ሄዶ ጎበኛት፤ ሕጉም ይሻሻል አለ። ጥር 4 ቀን 2011 የራሱ ጠባቂ እስላማባድ ውስጥ በጥይት ደበደበው። ገዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የጽጌረዳ አበባ የበተኑለት ጠበቆች ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 2፣ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻህባዝ ባቲ ተገደለ። በካቢኔው ውስጥ ብቸኛው ክርስቲያን እሱ ነበር።

ታሲር ሙስሊም ነበር። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረላት ጠበቃ ሳይፍ ኡል ማሉክ ሙስሊም ነው። ነጻ ናት ያሉት ሦስቱ ዳኞች ሙስሊሞች ናቸው። ስንጸልይ «እነዚያ» እያልን ሙስሊሙን ሁሉ በአንድ ገመድ ብናስር እውነቱን እንስታለን። ደግሞም ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መጠጊያ ያገኙት በአክሱሙ ንጉሥ ዘንድ ነው ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን።

ሰፈሩ ሁሉ ሲከሰስ

አንዳንዴ ተከሳሹ አንድ ሰው፣ ቅጣቱ ግን የሰፈር ነው። ነሐሴ 16 ቀን 2023 በፋይሰላባድ አውራጃ ጃራንዋላ በምትባል ከተማ የሆነው ይሄው ነው። ሁለት ወንድማማቾች ቁርዓን አረከሱ ተባለ። ከ20 በላይ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ ወይም ተዘረፉ። በርካታ የክርስቲያን ቤቶች ወደሙ። ሰዉ ወደ ሸንኮራ አገዳ ማሳ ሸሽቶ አደረ። በኋላ ፍርድ ቤት ወንድማማቾቹን ነጻ አላቸው፤ በግል ጠብ ሆን ተብሎ የተሸረበባቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ በሐምሌ 2024 ሳሂዋል ውስጥ አንድ ክርስቲያን ሞት ተፈረደበት። የተከሰሰው የዚያኑ የጃራንዋላ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ መልሶ ለጠፈ ተብሎ ነው።

ዜና የማይሆነው ስደት

ቃጠሎ ዜና ይሆናል። ጡብ ግን ማንም አይዘግበውም። በፑንጃብ በሺዎች የሚቆጠሩ የጡብ ማቃጠያዎች አሉ። ሠራተኛው ሲገባ ቀብድ ይቀበላል፤ እዚያ «ፔሽጊ» ይሉታል። ለልጅ ሕክምና፣ ለሠርግ፣ ለቀብር ይሆናል። ከዚያ ዕዳውን ሳይከፍል መውጣት አይችልም። ደመወዙ በሺህ ጡብ ይታሰባል፤ ዝናብ ከመጣ ጭቃው ይበላሻል፣ ገቢ የለም፣ ሌላ ብድር ይጨመራል። ሂሳቡን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው፤ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም። አባት ሲሞት ዕዳው ለልጅ ይተላለፋል። ይሄ በ1992 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ግን ይሠራበታል። እዚያ የሚሠሩት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም፤ ደሃ ሙስሊሞችም አሉ። የክርስቲያኑ ድርሻ ግን ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም።

ይሄ ዕዳ ከማንቋሸሽ ክስ ጋርም ይገናኛል። በ2014 ኮት ራዳ ኪሻን በሚባል ቦታ የጡብ ሠራተኛ የሆኑ ባልና ሚስት ቁርዓን አቃጠሉ ተብለው በሕዝብ ተደብድበው በዚያው ማቃጠያ ውስጥ ተቃጠሉ። ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከአሠሪው ጋር የገንዘብ ጉዳይ እንደነበራቸው በወቅቱ ተዘግቧል።

የልጃገረዶች ጠለፋም አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ትወሰድና ሃይማኖቷን ቀይራ አግብታለች የሚል ወረቀት ይመጣል። ወላጅ ፖሊስ ጋ ሲሄድ ወረቀቱን ያሳዩታል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ልጁ ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንኳ ማስረዳት ያቅተዋል። የሲንድ ክፍለ ግዛት በ2014፣ የአገሪቱ ዋና ከተማ እስላማባድ ደግሞ በ2025 የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርገዋል። ለዚህ ነው የልደት ምዝገባ የሚያህል አሰልቺ ነገር እዚያ አገር የጸሎት ርዕስ የሚሆነው።

እንግዲህ ምን ብለን እንጸልይ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ጴጥሮስ ሲታሰር ቤተ ክርስቲያን ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ እስር ቤት ጸለየች። እኛም እንደዚያ ነገሩን ለይተን ብንጠራው ይሻላል።

ለዳኞች ጸልዩ፤ በተለይ ለታችኛው ፍርድ ቤት ዳኞች። ፍርሃት የሚያሸንፋቸው እነሱን ነው። ለጠበቆች ጸልዩ፤ እንዲህ ዓይነት መዝገብ የያዘ ጠበቃ ማስፈራሪያ አይቀርለትም፣ ሌላ ደንበኛም ይሸሸዋል። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓት በር ላይ ለሚቆመው ተራ ፖሊስ ጸልዩ። «ተረጋጉ» ብሎ ሊናገር ለሚችለው ኢማም ጸልዩ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጎረቤት ያተረፉበት ጊዜ አለ። ነጻ ተብለው ቤታቸው መመለስ ላልቻሉት ጸልዩ። እነሱን ነጻ ከተባሉ በኋላ ሁሉም ይረሳቸዋል።

ስለ ከሳሾችም መጸለይ አለ። ይሄኛው ይከብዳል። የጃራንዋላ ክርስቲያኖች በተቃጠለ ቤተ ክርስቲያናቸው ፊት ለፊት መንገድ ላይ ቆመው በሚቀጥለው እሁድ አምልከዋል። እነሱ አምልኳቸውን ሳያቆሙ እኛ ከሩቅ ሆነን እርግማን ብንጨምር አያምርም።

ቀን ለሚፈልግ፣ ነሐሴ 11 በፓኪስታን የአናሳዎች ቀን ነው። የጂናህን ንግግር ለማስታወስ በሻህባዝ ባቲ ጥረት የተጀመረ ነው።

ከጸሎት ሌላስ?

መጀመሪያ አታድርጉ የምለውን ልናገር። በሜሴንጀር «እኔ የላሆር ፓስተር ነኝ፣ ወላጅ የሌላቸው 40 ልጆች አሉኝ» የሚል መልእክት ከነፎቶው የደረሰው ሰው ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ እውነት ይሆናል። ብዙው አይደለም። ፎቶው የሌላ ሰው ልጆች ነው፣ ገንዘቡም የት እንደሚገባ አይታወቅም። ለማታውቁት ሰው አትላኩ። ልላክ ካላችሁ አገሩ ውስጥ ቢሮና ጠበቆች ባሏቸው በኩል ይሁን። የካቶሊክ ጳጳሳቱ ያቋቋሙት ብሔራዊ የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን አለ። ክላስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሕግ ድጋፍ ማዕከልም ለተከሳሾች ይከራከራል፣ መሸሸጊያም ያፈላልጋል። የጠበቃ ወጪና የቤት ኪራይ እንደ ታብሌትና እንደ ቦርሳ ስጦታ ፎቶ አይነሳም። ግን ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው። በነገራችን ላይ የጡብ ዕዳ መክፈልም ያለ ጥናት አይሆንም። ቤተሰቡ ወጥቶ የሚሠራው ነገር ካላገኘ በዓመቱ ተመልሶ እዚያው ቀብድ ይወስዳል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማቆየትና እናት ወይም አባት ሌላ ሙያ እንዲይዙ ማድረግ አብሮ ካልታሰበ ዕዳው ጌታ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ሁለተኛ፣ የተከሳሽን ስምና ፎቶ ተቀብሎ ሼር ማድረግ አያስፈልግም። አንዳንድ መዝገብ ጩኸት ይጠቅመዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ጩኸት ይገድለዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጠበቃውና ቤተሰቡ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ሃይማኖት የሚነካ ነገር በዋትስአፕ ማሰራጨት እዚያ የሚያስከስስ ነው። እናንተ ግን ሌሎቻችን የሌለን ዕድል አላችሁ። በዱባይም በዶሃም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ እኛ በአማርኛ ስናመልክ ጎረቤት አዳራሽ በኡርዱ የሚያመልክ ሊኖር ይችላል። ሻይ ጠጡ፣ ስለ አገራቸው ጠይቋቸው። ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል።

አውሮፓ ያላችሁ ደብዳቤ ጻፉ። ይሄ ባዶ ምክር እንዳይመስላችሁ። ፓኪስታን ከ2014 ጀምሮ ዕቃዋን፣ በተለይ ጨርቃ ጨርቅ፣ ያለ ቀረጥ ለአውሮፓ ኅብረት የምትሸጥበት ጂ.ኤስ.ፒ ፕላስ የሚባል ዕድል አላት። ዕድሉ የሰብአዊ መብት ስምምነቶችን ከማክበር ጋር የታሰረ ነው። በሚያዝያ 2021 የአውሮፓ ፓርላማ አንድ ክርስቲያን ባልና ሚስትን ጠቅሶ ይሄ ዕድል እንደገና ይታይ ብሎ ወሰነ። ጥንዶቹ ስድብ ያለበት የስልክ መልእክት ላኩ ተብለው በ2014 ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እነሱ ግን ማንበብና መጻፍ አይችሉም ይላሉ ጠበቆቻቸው። በሰኔ 2021 የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቀቃቸው። የፓርላማው ውሳኔ ብቻውን አስፈታቸው አልልም። ግን ለዓመታት ሲንከባለል የነበረ ይግባኝ ድንገት ተሰማ። ለፓርላማ ተወካያችሁ ስትጽፉ ሃይማኖት አትስበኩ። የመዝገቡን ጉዳይ፣ የታሰሩበትን ጊዜ፣ የምትጠይቁትን አንድ ነገር ብቻ በአጭሩ አስቀምጡ።

ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ሌላ በር አላችሁ። ከፓኪስታን የሸሹ ብዙ ክርስቲያኖች ባንኮክ ናቸው፤ ለጉብኝት ቪዛ ማግኘት ስለሚቀል። ታይላንድ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም። ስለዚህ ቪዛው ካለቀ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኛ ወረቀት ቢኖርህም ለፖሊስ ሕገወጥ ነህ። ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው በአንድ ክፍል ተደብቀው ይኖራሉ፤ የተያዘ ወደ ኢሚግሬሽን ማቆያ ይገባል። በካናዳ አብያተ ክርስቲያናት ስደተኛ ስፖንሰር የሚያደርጉበት አሠራር አለ፤ ደንቡ ስለሚቀያየር የወቅቱን አጣሩ። ከሱዳንና ከኬንያ ወገኖቻችንን በዚሁ መንገድ ስላመጣን ፎርሙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው በየአጥቢያው አይጠፋም። የሚቀጥለው ዙር ሲከፈት ከስሞቹ አንዱ ባንኮክ ያለ የፓኪስታን ቤተሰብ ቢሆን የሚያግደው ነገር የለም። ጉባኤው ተስማምቶ የዓመቱን ወጪ ከያዘ ሌላው የወረቀት ሥራ ነው።